ኩላሊቱ ለደከመ ድመት ፎስፈረሱ ያነሰ ምግብ፦ ጎንደር ላይ ምን ላብላው?

የታጠቅ_እናት | ሰኞ፣ ከምሽቱ 3:12

ሰላም ቤተሰብ። ጭንቅ ላይ ስለሆንኩ ጽሑፉ ከረዘመ ይቅርታ።

ታጠቅ የሚባል ድመት አለኝ። ቡናማ ወንድ፣ 11 ዓመቱ ነው። ስሙን ያወጣለት ወንድሜ ነው፣ ከአጼ ቴዎድሮስ የፈረስ ስም ወስዶ። ድመቱ ግን በግ ሲያይ አልጋ ሥር የሚገባ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ውሃ ሲጠጣ ያየሁት ከስንት አንዴ ነው። ከወር በፊት ግን ቡና ተፈልቶ ሲኒ የምናለቀልቅበት ሳህን ውስጥ አፉን ነክሮ አገኘሁት። አባረርኩት። ተመልሶ መጣ። ከዚያ ወዲህ ባልዲ አይቀረው፣ የዕቃ ማጠቢያ አይቀረው። የሚጸዳዳበትን አሸዋ ድሮ በሁለት ቀን አንዴ ነበር የምቀይረው። አሁን ማታ የሞላሁት ጠዋት ጭቃ ሆኖ ይጠብቀኛል። ጀርባውን ስዳብሰው አከርካሪው እንደ መቁጠሪያ አንድ በአንድ እጄ ላይ ይመጣል።

መጀመሪያ የወሰድኩበት ቦታ «አርጅቷል፣ ሌላ አሳድጊ» ብለው ሸኙኝ። ሁለተኛው ቦታ ደም ወሰዱለት። ክሪያቲኒን 3.1፣ ፎስፈረስ 6.2 ወጣ። ክብደቱ 2.9 ኪሎ ነው፤ ድሮ 4 ይሞላ ነበር። «ኩላሊቱ ደክሟል፣ ፎስፈረሱ ያነሰ ምግብ ስጪው» ተባልኩ። የቱ ነው ስላቸው «የኩላሊት ምግብ ከአዲስ አበባ አስመጪ»። እሺ አስመጣለሁ። እስኪመጣስ?

እስከዛሬ የሚበላው ይሄ ነው። ጠዋት ወተት። ምሳ ከጎርጎራ የሚመጣ የዓሣ ጭንቅላትና አጥንት፣ እናቴ ቀቅላ። ማታ ጉበት፤ ሥጋ ቤቱ ቁራጭ ስለሚያስቀምጥልን ሁዳዴ እስኪገባ ድረስ በጉበት ንጉሥ ነበር። አሁን ሥጋ ቤቱ ተዘግቷል። ሱቅ ደግሞ ሁለት ዓይነት የድመት ምግብ አገኘሁ። ደረቁ ላይ ፎስፈረስ 1.1 ፐርሰንት ይላል፣ እርጥቡ የቆርቆሮ ላይ 0.25። እርጥቡ ከአራት እጥፍ በላይ ያነሰ ነው ማለት ነው? ልግዛው?

አዘዞዋ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 3:40

አይዞሽ እህቴ። የእኔዋ ሚጡ እንዲሁ ተብላ ሁለት ዓመት ተኩል ኖራለች። ማታ ማታ ጭኔ ላይ እየተኛች።

የእናትሽን ዓሣ ዛሬውኑ አስቁሚ። እኔም ያንኑ ነበር የማበላት። አጥንት ማለት ፎስፈረስ ማለት ነው። ሥጋውን ለቅመሽ ብትሰጪው ይሻላል፣ ጭንቅላቱንና እሾሁን ግን ለሰፈር ድመት ጣይው። ጉበቱንም እርሺው። በፍቅር ስንገድላቸው ነው የከረምነው።

ማራኪ_5 | ሰኞ፣ ከምሽቱ 4:25

ሰላም። የመጨረሻ ዓመት የእንስሳት ሕክምና ተማሪ ነኝ። ድመቱን ስላላየሁት መድኃኒት አላዝም፣ ምግቡን ግን እናውራ።

መጀመሪያ ስለ ቁጥሮቹ። አይሪስ የሚባል ዓለም አቀፍ የእንስሳት ኩላሊት ባለሙያዎች ስብስብ አለ። በእነሱ አከፋፈል የድመት ክሪያቲኒን (ኩላሊት ከደም አጣርቶ የሚያስወጣው ቆሻሻ፣ ኩላሊቱ ሲደክም ደም ውስጥ ይጨምራል) ከ2.9 እስከ 5.0 ከሆነ ሦስተኛ ደረጃ ነው፣ ከአራት። ደሙ ሲወሰድ ውሃ ጠምቶት ከነበረ ግን ቁጥሩ ከፍ ብሎ ሊወጣ ስለሚችል ይደገም። ሦስተኛ ደረጃ ላይ ላለ ድመት ፎስፈረሱ ከ5.0 በታች እንዲወርድ ይፈለጋል። ስለዚህ 6.2 መውረድ አለበት፣ ሐኪሙ ልክ ነው።

ለምን ፎስፈረስ? ኩላሊት ሲደክም ፎስፈረሱን ማስወጣት ያቅተውና ደም ውስጥ ይከማቻል። ያን ጊዜ አንገት ላይ ያሉ ትንንሽ ዕጢዎች ሥራ ይበዛባቸዋል። የሚረጩት ሆርሞን ከአጥንት ካልሲየም ይመዛል። ካልሲየምና ፎስፈረስ ደም ውስጥ አብረው ሲበዙ ደግሞ እርስ በርስ ተያይዘው እዚያው ኩላሊቱ ላይ ይጋገራሉ። የደከመው ይብሱኑ ይደክማል።

አሁን ወደ ቆርቆሮሽ። 1.1 እና 0.25ን እንዲሁ ማወዳደር ወፍራም ሽሮና ቀጭን ሽሮ እንደማወዳደር ነው። የለየው ውሃው ነው። ደረቁ ውስጥ ያለው ውሃ 10 ፐርሰንት ገደማ ነው፤ የቀረው 90 ነው። 1.1ን ለ90 አካፍለሽ በ100 ስታባዢው 1.2 ይመጣል። እርጥቡ 80 ፐርሰንት ውሃ ከሆነ የቀረው 20 ብቻ ነው። 0.25ን ለ20 አካፍለሽ በ100 ስታባዢው 1.25። እንዲያውም እርጥቡ ይበልጣል! ለኩላሊት ተብሎ የሚሠራ ምግብ በዚሁ ስሌት አብዛኛውን ጊዜ ከ0.3 እስከ 0.6 ነው። ስለዚህ ሁለቱም ለታጠቅ አይሆኑም።

ሌላም አለ። አንዳንድ ከረጢት ላይ ቁጥሩ አጠገብ «ቢያንስ» የምትል ቃል አለች። ከዚህ አያንስም ማለት ነው እንጂ ከዚህ አይበልጥም ማለት አይደለም። ከጀርባው ደግሞ «አመድ» የሚል ካየሽ እሱ የማዕድኑ ድምር ነው፤ ብዙ ከሆነ አጥንት የበዛበት ነውና ጠርጥሪ። ከቅመሞቹ ውስጥ ሶዲየም ፎስፌት ወይም ፎስፎሪክ አሲድ ካለ ተይው። እንዲህ ተብሎ የሚጨመረው ፎስፈረስ ሥጋ ውስጥ ካለው ይልቅ ቶሎ ወደ ደም ይገባል።

የድሮ_ጎንደሬ | ማክሰኞ፣ ጠዋት 1:50

ልጆች፣ እየሳቅኩ ነው ያነበብኩት። በእኛ ጊዜ ድመት አይጥ ነበር የምትበላው፣ ሲተርፍ ደግሞ እንጀራ በወጥ። ማን ፎስፈረስ ለካላት? አያቴ ቤት የነበረችው 15 ዓመት ኖራለች። አሁን ድመት በላቦራቶሪ ትኑር ተባለ?

ማራኪ_5 | ማክሰኞ፣ ጠዋት 2:30

ጋሼ፣ እንዴት አደሩ። ልክ ነዎት፣ አይጥ ከነአጥንቷ ሙሉ ምግብ ናት። ጤነኛ ኩላሊት ፎስፈረሱን ያወጣዋል፣ ችግር የለም። ይሄኛው ግን ጤነኛ አይደለም። የድመት ኩላሊት ክፉነቱ እስከ ሁለት ሦስተኛው እስኪጠፋ ድረስ ምንም ላያሳይ መቻሉ ነው። የአያትዎ ድመትም አርጅታ «ከስታ ሞተች» የተባለችው ምናልባት በዚሁ ይሆናል።

ወጡን ግን ይተዉ። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የድመትን ቀይ የደም ሴል ያፈርሳል፤ ቢበስልም ያው ነው።

የድሮ_ጎንደሬ | ማክሰኞ፣ ጠዋት 2:41

ነጭ ሽንኩርት የሌለበት ወጥ ከየት ይመጣል ታዲያ።

የሥጋ_ቤቱ_ልጅ | ማክሰኞ፣ ቀን 6:15

የታጠቅ እናት፣ አዲስ ዓለም ነው ያለነው፣ አባቴ ሥጋ ቤት አለው። ሁዳዴም ቢሆን እኛ ጋ ሥጋ አለ። ድመት የክርስቲያን የሙስሊም ብላ አትለይም 😄 ምን ልቁረጥልሽ? ጉበት ካልሆነ ጨጓራ አለ፣ ቀይ ሥጋ አለ፣ ሞራ አለ።

የታጠቅ_እናት | ማክሰኞ፣ ቀን 7:02

ወንድሜ ተባረክ! ማራኪ፣ ከእነዚህ የቱ ይሻላል?

ማራኪ_5 | ማክሰኞ፣ ማታ 1:20

የሥጋ ቤቱ ልጅ ሳያውቀው ትልቅ ነገር ተናገረ። ጨጓራ!

በ100 ግራም እንየው፣ በግምት። የበሬ ጉበት ወደ 390 ሚሊግራም ፎስፈረስ አለው። ቀይ ሥጋ 200 ገደማ። ጥሬ ጨጓራ 65 ገደማ ብቻ። የዕንቁላል አስኳል እንደ ጉበቱ 390 ገደማ ነው፣ ነጩ ግን 15 ብቻ፤ ያውም ጥሩ ፕሮቲን ይዞ። አጥንቱ ያልወጣለት ትንንሽ የቆርቆሮ ዓሣ 490 ይደርሳል። ወተት 90 ገደማ ነው፣ ትንሽ ይመስላል፤ ግን እንደ ውሃ ስለሚጠጣ ይጠራቀማል። ለሆዱም አይስማማውም።

ሞራ ደግሞ ፎስፈረስ የለውም ማለት ይቻላል። ድመት ጉልበቱን ከስብ ማግኘት ይችላል፣ ስለዚህ ለከሳው ታጠቅ ትንሽ ሞራ ጥሩ ነው።

ግን ስሙኝ። ጨጓራ ብቻውን ምግብ አይሆንም፣ ፕሮቲኑ ደካማ ነው። ፕሮቲን አጥብቀሽ ከቀነስሽበት ጡንቻውን ይበላል። ሲቀቅሉ ውሃውን ብትደፊ ፎስፈረሱ ከፊሉ አብሮ ይደፋል፣ ታውሪኑም ፖታሲየሙም ግን አብረው ይሄዳሉ። ታውሪን ድመት ከምግብ ካላገኘችው ልቧና ዓይኗ ይጎዳል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የፋብሪካ ምግብ የሚበሉ ድመቶች ሳይቀሩ በዚህ ምክንያት በልብ ሕመም ይሞቱ እንደነበር ተደርሶበት ነው አምራቾች ታውሪን የጨመሩት። ደግሞ አጥንት የሌለበት ሥጋ ካልሲየም የለውም። ስለዚህ የቤት ምግቡ የኩላሊት ምግቡ እስኪመጣ መሻገሪያ ነው። በእሱ ብቻ ወራት መክረም ካለበት ሐኪም ቁጭ ብሎ ያስላለት።

አዘዞዋ | ማክሰኞ፣ ማታ 2:05

እኔ እንዴት እንደማደርገው ልንገርሽ፣ ማራኪም ያርመኝ።

ጨጓራውን በሙቅ ውሃ እፍቃለሁ፣ የቤት ሥራ ነው። ከዚያ በብዙ ውሃ እቀቅላለሁ፣ ያ ውሃ ይደፋል። ቀይ ሥጋውን ለብቻው፣ በትንንሹ ከትፌ፣ እንዲሁ በብዙ ውሃ። ጨው የለ፣ ቅመም የለ። የሞራ ቁራጭ እንደ አተር አድርጌ። መጨረሻ ላይ የአንድ ዕንቁላል ነጭ ድስቱ ላይ አፈስና እስኪነጣ አማስላለሁ። ከዚያ ለብ ያለ ንጹህ ውሃ ጨምሬ እንደ ገንፎ አቀጥነዋለሁ፣ በዚያውም ውሃ ይጠጣልኛል። ቀዝቃዛውን አትነካም ነበር፣ ሞቅ ሲል ግን ሽታው ይጠራታል።

ባለቤቴ «ዱለት ያለ ጉበት፣ ያለ ቅቤ፣ ያለ ሚጥሚጣ፤ ምን አጠፋች?» ይል ነበር።

ማራኪ_5 | ማክሰኞ፣ ማታ 2:18

እርማት የለኝም። ነጩ መብሰሉ ልክ ነው፤ ጥሬው ባዮቲን የሚባለውን ቫይታሚን አስሮ ያስቀርበታል።

ቦሌ_ነኝ | ረቡዕ፣ ቀን 5:30

ከአዲስ አበባ ነው። የእኔ ድመት ሁለተኛ ደረጃ ላይ ናት፣ ሮያል ካኒን ሬናል የሚባለውን የኩላሊት ምግብ ነው የምሰጣት። ሂልስ ኬ/ዲም አንዳንዴ ይመጣል። ዋጋውን አትጠይቂኝ፣ እኔ ራሴ ደረሰኙን አጣጥፌ ነው የማስቀምጠው። ሁልጊዜም የለም፤ ስታገኚ ሁለት ከረጢት ግዢ፣ ግን የሚያበቃበትን ቀን እዪ።

አንድ ስህተት ሠርቻለሁ፣ አንቺ አትድገሚው። ከረጢቱ የመጣ ዕለት የድሮውን ምግብ በሙሉ አነሳሁና አዲሱን አስቀመጥኩ። «ሲርባት ትበላለች» አልኩ። አልበላችም። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን። ሦስተኛው ቀን ላይ ይዣት ሮጥኩ። ድመት ለቀናት ካልበላች ስቡ ጉበቷ ላይ ይከማችና ሌላ በሽታ ይጨመራል አሉኝ። ሐኪሟ ያለችኝ አይረሳኝም፦ «የማትበላው የኩላሊት ምግብ አይጠቅማትም፣ የምትበላው የሰፈር ምግብ ይሻላታል።» ከዚያ በኋላ በማንኪያ ጀመርኩ። አንድ ማንኪያ አዲስ፣ ዘጠኝ የድሮ። አምስት ሳምንት ፈጀብኝ።

ደግሞ የሚያቅለሸልሸው ቀን አዲሱን አትስጪው። የታመመበትን ቀን ከምግቡ ጋር ያያይዘውና ዳግም አይነካውም።

(ለጠቅላላ እውቀት፦ ኬ/ዲ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጨረሻ አሜሪካ ውስጥ ቡዲ ለሚባል፣ ዓይነ ስውር ለሚመራ ውሻ ነው። ኩላሊቱ ደክሞ አንድ የእንስሳት ሐኪም እቤቱ ቀቅሎ የሠራለት ምግብ ነበር። ስለዚህ የአዘዞዋ ድስት የሚናቅ አይደለም።)

ቅዳሜ_ገበያ | ረቡዕ፣ ማታ 1:10

ከደከመው ፓራሲታሞል ሩቡን ሰባብረሽ ስጪው፣ ለእኔ ልጅ ሠርቷል።

ማራኪ_5 | ረቡዕ፣ ማታ 1:14

አይሆንም!! ፓራሲታሞል ድመት ይገድላል። ሩቡም፣ የሩብ ሩቡም። ዲክሎፌናክም አይነካም፣ የቀረውን ኩላሊት ይጨርሰዋል። አስተዳዳሪ ካለ እባክህ ከላይ ያለውን አንሳው።

የታጠቅ_እናት | ሐሙስ፣ ማታ 2:50

ዛሬ ጨጓራ ከአዲስ ዓለም መጣ። የሥጋ ቤቱ ልጅ ሒሳብ አልቀበልም ብሎ ተጣላን። ታጠቅ መጀመሪያ አሸተተና ዞር አለ። በጭብጤ ሳሞቅለት መጥቶ ከጣቴ ላይ ላሰ። ከዚያ የሻይ ማንኪያ አራት ያህል በላ። አለቀስኩ፣ እውነቴን ነው።

ፋርማሲ ሄጄ የምግቡን ፎስፈረስ አንቆ የሚያስቀር መድኃኒት ጠየቅኩ፣ ሌላ ቦታ አንብቤ ነበር። የጨጓራ ማስታገሻ ፈሳሽ ሰጡኝ፣ አሉሚኒየም ሃይድሮክሳይድ አለበት ብለው። ልስጠው?

ማራኪ_5 | ሐሙስ፣ ማታ 3:20

ጠርሙሱን አንብቢው። ማግኒዥየም ሃይድሮክሳይድ የሚልም አለበት? ብዙዎቹ ድብልቅ ናቸው። ማግኒዥየሙን የደከመ ኩላሊት በደንብ ስለማያስወጣው ለታጠቅ አይሆንም።

ብቻውን አሉሚኒየም ሃይድሮክሳይድ ለድመት ይታዘዛል፣ ግን መጠኑ በክብደቱና በደም ውጤቱ ነው። የዕንቁላል ቅርፊት ዱቄትም፣ ካልሲየም ካርቦኔት ስለሆነ፣ ፎስፈረሱን አንቆ ያስቀራል፤ እሱ ደግሞ ካልሲየሙን እንዳያበዛው ደም እየታየ ነው። የትኛውም ቢሆን ከምግቡ ጋር ካልተቀላቀለ ከንቱ ነው። ሥራው አንጀት ውስጥ ምግቡ ላይ ያለውን ፎስፈረስ አንቆ ከዓይነ ምድር ጋር ማስወጣት ነውና በባዶ ሆድ የሚያንቀው የለውም። መጀመሪያ በምግብ ሞክሪ፣ ደሙ ይደገም፣ ካልወረደ ሐኪሙ ይጨምርልሻል።

የታጠቅ_እናት | ሐሙስ፣ ማታ 3:26

ማግኒዥየም ይላል። ለእናቴ ቃር ይሁናት።

ቤቲ_ባሕርዳር | ዓርብ፣ ጠዋት 3:00

እኔ ሦስት ግልገሎች አሉኝ። ከአሁኑ ለመከላከል ይሄንን የኩላሊት ምግብ ብጀምርላቸውስ?

ማራኪ_5 | ዓርብ፣ ጠዋት 4:10

አይ ቤቲ። ግልገል አጥንት እየሠራ ነው፣ ፎስፈረስ ይፈልጋል። እርጉዝና የምታጠባም እንዲሁ። ይሄ የታመመ ድመት ምግብ ነው። ለእነሱ ንጹህ ውሃ በየቦታው አስቀምጪላቸው፣ ሰባት ስምንት ዓመት ሲሞላቸው በየዓመቱ ደማቸውን አሳዪ።

የታጠቅ_እናት | ከፋሲካ በኋላ፣ ማክሰኞ፣ ማታ 2:15

ጠፋሁ፣ ይቅርታ። ደሙ ተደገመ። ፎስፈረስ 4.7! ክሪያቲኒን 2.9፣ ብዙም አልተንቀሳቀሰም፤ ሐኪሙ «አለመጨመሩም ትልቅ ነገር ነው» አለኝ። ክብደቱ 3.2 ኪሎ። አከርካሪው አሁንም ይቆጠራል፣ ግን መቁጠሪያው ትንሽ ወፈረ።

የኩላሊት ምግቡ በአውቶቡስ መጣ፣ ቦሌ ነኝ የጠቆመኝ ቦታ ነበረው። በማንኪያ በማንኪያ አድርጌ አሁን ሩቡ ጨጓራ፣ ሌላው እሱ ሆኗል። ደረቁን በለብ ውሃ አርሼ ነው የምሰጠው።

ፋሲካ ዕለት ግን መኝታ ቤት ቆለፍኩበት። ዶሮ ወጡ ሲሸተው በሩን ሲቧጥጥ ዋለ፤ አሁን ቀለም መቀባት አለብን። ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ ይሉ የለ?

እናቴ ደግሞ ትናንት ጓሮ ቁጭ ብላ የዓሣ ጭንቅላት ስታጎርሰው ያዝኳት። «ትንሽ ነው፣ ዓይኑ ሲያየኝ አስችሎኝ?» አለች። ምን ይባላል?

አዘዞዋ | ማክሰኞ፣ ማታ 2:22

እልል! ለእናትሽ የተቀቀለ የዕንቁላል ነጭ ቆራርጠሽ በኩባያ ስጪያት። ማጉረሱን እሷ ታጉርሰው፣ ምግቡን አንቺ ምረጪ። እኔ አማቴን እንዲያ ነው ያስታገስኳት።

የድሮ_ጎንደሬ | ማክሰኞ፣ ማታ 4:05

የታጠቅ እናት፣ እንኳን ደስ ያለሽ። የእኔዋ 13 ዓመቷ ነው። ሰሞኑን ለዶሮዎቹ ከማስቀምጠው ውሃ ስትጠጣ አያታለሁ፣ ሌሊትም ትነሳለች። ሰውነቷም ቀሏል። ደም የሚወስዱት ቦታ ስንት ሰዓት ነው የሚከፍቱት?

የታጠቅ_እናት | ማክሰኞ፣ ማታ 4:09

ጋሼ፣ ጠዋት 2:30። አቅጣጫውን በውስጥ መስመር ልኬልዎታለሁ። በካርቶን ይዘዋት ይምጡ፣ ክዳኑን ግን በገመድ ጠበቅ አድርገው ይሰሩት። ታጠቅ ባጃጅ ውስጥ ወጥቶብኝ ሹፌሩ ትከሻ ላይ ነው ፒያሳ የደረሰው።